ጣዕምና ንዝንዝ፦ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ዘፈን ታሪክ ከሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ሲታይ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጥያቄ በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ በየቀኑ ይነሣል፤ በታሪክ ክፍሎቻችን ውስጥ ግን እምብዛም ሲጠየቅ አልሰማሁም። አንዱ ዘፈን መልካም፣ ሌላው መጥፎ፣ ሦስተኛው ደግሞ ነዝናዛ ሆኖ የሚሰማን ለምንድን ነው? ጥያቄው ለሙዚቃ ባለሙያ ወይም ለሥነ ልቦና ተመራማሪ የሚተው ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በመጀመሪያ ደረጃ የታሪክ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። በዘፈን ላይ የሚሰጥ ፍርድ ዘመን አለው፤ ቦታ አለው፤ መሣሪያም አለው። ዘፈኑን ማን ሰማው? በምን ሰማው? ሲሰማስ ትቶ የመሄድ ምርጫ ነበረውን? እነዚህን ሳንጠይቅ «ጥሩ ዘፈን» እና «መጥፎ ዘፈን» ብንል የአንዱን ሰፈር ጆሮ የአገር ሁሉ ጆሮ ማድረጋችን ነው።

ጉዳዩን የማይበት ቦታ አድርጌ የመረጥሁት ሸዋ ሮቢትንና የይፋትን ቆላ ነው። ምርጫዬ ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ዘፈን ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው ከአዲስ አበባ ሆኖ፣ በቴአትር ቤቶች፣ በሌሊት ክበቦችና በሸክላ ማሳተሚያዎች ዙሪያ ነው። ከዋና ከተማይቱ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች የቆላ ከተማ ያንኑ ዘፈን የሰማችው በሌላ መንገድ ነው። መንገዱ ሲለወጥ ታሪኩም መልኩን ይለውጣል።

አስቀድሜ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1997 ቪታሊ ኮማርና አሌክሳንደር ሜላሚድ የተባሉ ሁለት ሠዓልያን ከሙዚቃ ደራሲው ዴቭ ሶልጀር ጋር ሆነው 500 ያህል ሰዎችን ጠየቁ፤ በዘፈን ውስጥ ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚጠሉ። ከመልሱ ተነሥተው ሁለት ሥራዎችን አቀናበሩ። አንዱ ብዙኃኑ የሚፈልገውን ሁሉ የያዘ፣ አምስት ደቂቃ ያህል የሚወስድ የፍቅር ዘፈን ነው። ሌላው ብዙኃኑ የሚጠላውን ሁሉ ያጠራቀመ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ፣ የኦፔራ ድምፅ፣ የሕፃናት መዝሙርና የማስታወቂያ ዜማ የተደባለቁበት ሥራ ነው። ሥራው ከሳይንስ ይልቅ ወደ ሽሙጥ ያደላ ነበር። ውጤቱም ሽሙጡን አጸናው፤ ተፈላጊ የተባለውን ሰምተው የሚረሱ፣ ያልተፈለገውን ግን ደጋግመው የሚያዳምጡ ሰዎች ብዙ ሆኑ።

ከዚያ ጥናት ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነጥብ አለ። መላሾቹ እጅግ እንጠላቸዋለን ካሏቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች መካከል ከስኮትላንዱ የአየር ከረጢት ዋሽንት ጋር እኩል በአንደኛነት የተቀመጠው አኮርዲዮን ነበር። ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን ሲሰማ ሊደነቅ ይገባዋል። በእኛ ዘንድ አኮርዲዮን በዘመናዊ ዘፈን ጅማሬ ከነበሩት ተወዳጅ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ የትዝታን ቅኝት ሲጫወት አንጀት የሚበላ ነው። በአንዱ አገር የንዝንዝ ምልክት የሆነው ድምፅ በሌላው አገር የናፍቆት ምልክት ሆነ። እንግዲህ መሣሪያው በራሱ መልካምም መጥፎም አልነበረም፤ ፍርዱን የሰጠው ታሪክ ነው። ወደዚህ አኮርዲዮን በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ። አማርኛ ዘፈንን የሚያመሰግንባቸው ቃላት በአመዛኙ ከምላስና ከሆድ የተወሰዱ ናቸው። «ጣዕመ ዜማ» እንላለን። «ቃና» የምንለው ቃል የምግብንም የድምፅንም ባሕርይ ይገልጻል። ዘፈን «ለዛ አለው» ወይም «ለዛ ቢስ ነው»፤ «ወዝ አለው» ወይም «ወዝ የለውም»። እጅግ የነካን ዘፈን «አንጀት ይበላል»፤ «ሆድ ያባባል»። የጠላነውን ዘፈን ስንነቅፍ ግን ቃላቱ ከማዕድ ተነሥተው ወደ ሰው ጠባይ ይሄዳሉ። ዘፈኑ «ይነዘንዛል»፤ «ያደነቁራል»፤ «ያሰለቻል»። ነዝናዛ ማለት አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያነሣ፣ ሂድ ሲሉት የማይሄድ ሰው ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የጣዕም ቃል የሚናገረው ስለ ነገሩና ስለ ቀማሹ ግንኙነት ነው፤ ቀማሹ እጁን ዘርግቶ ይበላል፤ ሲጠግብ እጁን ይሰበስባል። የንዝንዝ ቃል ደግሞ የሚናገረው ስለ መገደድ ነው። ቋንቋው ራሱ ሁለት ፍርዶችን ለይቶ አስቀምጦልናል። «መጥፎ» ዘፈን ጣዕም የጎደለው ነው፤ «ነዝናዛ» ዘፈን ግን ጣዕም ሊኖረው ይችላል፤ ጥፋቱ አለመሄዱ ነው። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ይፋት እንውረድ፤ በእርግጥም መውረድ ነው። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን በዋሻው አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ብርዱ በሙቀት፣ ገብሱ በማሽላና በማሾ ይተካል። ይፋት በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቀመጫ፣ ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው የሚመጣው ንግድ መተላለፊያ ነበረ። ዛሬም በአቅራቢያው ያለው የሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራን፣ አርጎባን፣ ኦሮሞንና አፋርን በአንድ ሜዳ ያገናኛል። ወደ ሰሜን ሲዘልቁ በዚያው የአፋር ጠረፍ የሰኞ ገበያዋ ባቲ አለች። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ መሆናቸው ለዚህ አካባቢ የሙዚቃ ታሪክ ቀላል ምስክር አይደለም። የይፋት ሰው የእነዚህ ቅኝቶች ጎረቤት ነው።

በዚህ ቆላ የኖረው የዘፈን ልማድ ስለ ድግግሞሽ የሚያስተምረን አለ። በደቦ ወይም በጅጌ ማሽላ ሲታረም፣ ሲታጨድና ሲወቃ አቀንቃኙ ያወጣል፤ ተቀባዩ ይመልሳል። አንዲት አዝማች ከጠዋት እስከ ቀትር ትደጋገማለች፤ አቀንቃኙም በመካከሉ የሰነፉን ስም ጠርቶ ይወርፋል፤ የጎበዙን ጠርቶ ያነሣሣል። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ መንዙማው እንዲሁ ነው፤ መሪው ስንኙን ያወርዳል፤ ጉባኤው በጭብጨባና በድቤ ታጅቦ ይቀበላል፤ ሌሊቱም ይነጋል። መንዙማ ዘፈን አይደለም፤ ባለቤቶቹም ከዘፈን ጋር አንድ እንዲደረግ አይወዱም። እዚህ የማነሣው የድግግሞሹን ሥርዓት ለማሳየት ብቻ ነው።

በሁለቱም መድረክ ድግግሞሽ አለ፤ ከየትኛውም የዛሬ ዘፈን ይልቅ ብዙ ድግግሞሽ አለ። «ነዘነዘኝ» የሚል ግን አይገኝም። ምክንያቱ ሰሚው ራሱ ተቀባይ መሆኑ ነው። የሚደጋግመው ቃል ከራሱ አፍ ይወጣል፤ ሥራው ወይም ጸሎቱ ሲፈጸም ድምፁም አብሮ ይፈጸማል። ዘመናዊው ዘፈን ከዚህ ልማድ አዝማቹን ወረሰ፤ ተቀባዩን ግን ከማሳው አንሥቶ በድምፅ ማጉያ ፊት አስቀመጠው። ድግግሞሹ ቀረ፤ ምላሹ ሄደ። ብዙ ሰዎች «የዛሬ ዘፈን አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል» ሲሉ የሚያነሡት ቅሬታ፣ በእኔ እይታ፣ ስለ ድግግሞሹ ብዛት አይደለም። ከእነርሱ ምላሽ የማይጠብቅ ድግግሞሽ ስለ ሆነባቸው ነው።

የአዲስ አበባው ታሪክ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ባንድ ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የነሐሱን መሣሪያ ከአገሩ ቅኝት ጋር አጋቡ፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ቤት ወጡ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ቢሆንም፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ክልከላውን ተዳፍሮ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሸክላዎችን ማሳተም ጀመረ፤ ቁጥራቸውም ከ100 በላይ ደረሰ። ሌሎችም ተከተሉት።

ያን ጊዜ ይህ ሙዚቃ የተመሰገነውን ያህል ተነቅፏል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ፣ የ«መዝሙር» ወንድም የሆነ ክቡር ቃል ነው፤ በተግባር ግን ስድብ ሆኖ ኖሯል። የተከበረ ቤተሰብ ልጁ ዘፋኝ ሲሆንበት ያፍር ነበር። የነሐስ ድምፅ፣ የጠበበ ሱሪና ከምዕራብ የተቀዳ ውዝዋዜ ለአንድ ትውልድ ጆሮና ዓይን አስቀያሚ ነበሩ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለውን ያ ትውልድ «የዛሬ ልጆች ጫጫታ» ብሎት ነበር ማለት ይቻላል። ታሪካችን ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ፤ «የድሮ ዘፈን ጥሩ ነበር» የሚለው ፍርድ ራሱ አዲስ አይደለም፤ በየትውልዱ ተነሥቷል።

አሁን ወሳኙን ጥያቄ ልጠይቅ። ሸክላውን በይፋት ቆላ ማን ሰማው? ሸክላ የሚያጫውት መሣሪያ፣ መብራት፣ ደረቅ ክፍልና ገንዘብ ይፈልጋል። በመንገድ ዳር ከተማ አንዳንድ ባለ ሆቴልና ባለ ቡና ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ማሽላ የሚዘራው ገበሬ ግን አልነበረውም። ለእርሱ ዘመናዊ ዘፈን በመጀመሪያ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ራዲዮ፣ ቀጥሎ በካሴት መጣ። ካሴት ግን በአገሪቱ የተስፋፋው መቼ ነው? የአዲስ አበባ ሸክላ በከሰመበት በዚያው ጊዜ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው።

የዚህን ትርጉም አስተውሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በአውሮፓ እንዲታተም አደረገ፤ ከ1997 አንሥቶም «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ተከታታይ አልበሞችን አወጣ። የዋለው ውለታ ትልቅ ነው፤ ሊጠፋ የነበረ ሙዚቃን አትርፏል፤ ዓለምም በእርሱ በኩል ሰምቶናል። ነገር ግን ከዚህ ሥራ ጋር አንድ የዘመን አከፋፈል አብሮ ተስፋፋ፤ ወርቃማው ዘመን በ1966ቱ አብዮት ተቋረጠ፣ የሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦችን ገደለ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ካሴትና ኪቦርድ ውድቀት ነው የሚል። ለአዲስ አበባ የሌሊት ክበብ ይህ እውነት ነው። ሙዚቀኛ ተሰደደ፤ ባንድ ፈረሰ፤ ሳንሱር ግጥም ቆረጠ። ይህን የሚክድ የለም። ለይፋት አድማጭ ግን ያ ዘመን ዘፈን ያለቀበት ሳይሆን የደረሰበት ዘመን ነው። ሰዓት እላፊ የሚዘጋው ክበብ አልነበረውም። አዲስ ያገኘው በእጁ የሚይዘው፣ ሲሻው የሚያጫውተው፣ ሲሰለቸው የሚያጠፋው ካሴት ነበር።

የደርግ ዘመን በእርግጥም የንዝንዝን ፖለቲካዊ ትርጉም አስተምሮናል። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ የአብዮት መዝሙር በየስብሰባው ተዘመረ፤ በየአደባባዩ ተለቀቀ። ተሰብሳቢው ተነሥቶ መሄድ አይችልም ነበር። ብዙዎቹ ዜማዎች በሙዚቃነታቸው የተሳኩ ነበሩ፤ ያሰለቿቸውም ዜማቸው ሳይሆን ሰሚው የመሄድ ፈቃድ ማጣቱ ነው። የዚሁ ተቃራኒ ማስረጃም ከዚያው ሥርዓት ይገኛል። ማሪቱ ለገሠ በታወቀችበት በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን አማካይነት የአምባሰልና የባቲ ቅኝቶች ከክፍለ አገሩ አልፈው በመላ አገሪቱ ተሰሙ። አንድ ዓይነት መዋቅር በአንድ በኩል የተጠላ ዝማሬን፣ በሌላ በኩል እስከ ዛሬ የሚናፈቅ ዘፈንን አፈራ። ሰዎች ካሴቱን በገንዘባቸው ገዝተው ቤታቸው የወሰዱትን ያንን ከአደባባዩ ዝማሬ ለዩት።

ቀጥሎ የመጣው ክስ በኪቦርድ ላይ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፣ አንድ ኪቦርድ የነሐሱን፣ የባሱንና የከበሮውን ቦታ ሸፈነ። «ሕይወት የለውም»፣ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ተባለ። ክሱ ከፊል እውነት አለው። ብዙ ካሴቶች በጥድፊያና በጥቂት ወጪ ተሠርተዋል፤ የከበሮው ምት ከዘፈን ዘፈን አልተለወጠም። ነገር ግን ኪቦርዱ ሌላም ነገር አድርጓል። ኦርኬስትራ የማይደርስበት የቆላ ከተማ ሠርግ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፅ ማጉያ ይደርስበታል። «ርካሽ» የሚለው ቃል በአማርኛም ሁለት ትርጉም ያለው መሆኑን አንርሳ፤ ለአንዱ ዝቅተኛ፣ ለሌላው የሚገዛው ማለት ነው።

አሁን ወዳነሣሁት አኮርዲዮን ልመለስ። የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አድርጎ የሀገሩን ዜማዎች ብቻውን ቀረጸ። ሥራው በካሴት ወጣ። አኮርዲዮን የአሜሪካ አድማጭ የማይወደው መሣሪያ፣ የከበሮ ማሽን የወርቃማው ዘመን ወዳጅ የሚጸየፈው መሣሪያ፣ ካሴት ደግሞ የውድቀት ምልክት የተባለ ዕቃ ነበር። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በታክሲ ሹፌርነት ኖረ። ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ዜማው ከ1985 እስከ 2013 አንድም ድምፅ አልተለወጠበትም። የተለወጠው ሰሚውና የሰሚው ታሪክ ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ከዚህ ይልቃል፤ ካሴቱ የተገኘው ባሕር ዳር ውስጥ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ሰው ከዋና ከተማው ርቆ ይዞት ወይም ሲሸጠው ቆይቷል ማለት ነው። የክፍለ አገሩ ጆሮ ከዓለም ሊቃውንት ጆሮ ቀድሞ ነበር።

የሥነ ልቦና ሊቃውንትም እዚህ ላይ የሚሉት አላቸው። ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው፣ ሰው ደጋግሞ ያየውን ወይም የሰማውን ነገር፣ ምክንያቱን ሳያውቅ እንኳን፣ ወደ መውደድ ያዘነብላል። ዳንኤል በርላይን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባቀረበው ሐሳብ ደግሞ መውደድ እንደ ኮረብታ ነው፤ ነገሩ እንግዳ ሲሆን ዝቅ ይላል፤ ሲለመድ ይወጣል፤ ከልክ በላይ ሲለመድ ይወርዳል። ይህ ሐሳብ ለብቻው ሲታይ የደቦውን አዝማችና የመንዙማውን ሌሊት አያስረዳም፤ እነዚያ ከኮረብታው ማዶ ወርደው መሰልቸት ነበረባቸው። ስለዚህ ከመለመድ ጋር የምርጫንና የተሳትፎን ነገር መጨመር ይኖርብናል። የታሪክ ባለሙያ ለሥነ ልቦናው ሊያበረክት የሚችለው ይህን ይመስለኛል።

ሸዋ ሮቢት የዚህ ሐሳብ መፈተኛ ናት። በመንገድ ዳር ከተማ ዋና ጎዳና ላይ የቆመ ሰው ከአንዱ ሆቴል አንድ ዘፈን፣ ከጎረቤቱ ሙዚቃ ቤት ሌላ፣ ከቆመው አውቶቡስ ሦስተኛ ይሰማል። በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ ደግሞ ዘፈኑን የሚመርጠው ሹፌሩ ወይም ረዳቱ ነው፤ አርባም ስልሳም ተሳፋሪ ያዳምጣል። ከአዲስ አበባ የተነሣው ወጣት፣ ወደ ከሚሴ የምትሄደው ነጋዴ፣ ወደ ደሴ የሚጓዙት አዛውንት አንድ ዘፈን በአንድ ወንበር ይሰማሉ፤ ፍርዳቸው ግን ሦስት ነው። ወጣቱ ለምዶት ሰልችቶታል። ነጋዴዋ ዘፈኑ የሠርጓን ጊዜ ያስታውሳታል። አዛውንቱ ድምፁ እንዲቀነስላቸው ይጠይቃሉ። «ይህ ዘፈን ጥሩ ነውን?» ብሎ ለአውቶቡሱ ሁሉ አንድ መልስ መፈለግ ከንቱ ነው። «ማን ምን መረጠ? ማን ተገደደ?» ብሎ መጠየቅ ግን ብዙ ያሳየናል።

ይህን ስል ሁሉም ዘፈን እኩል ነው፣ ፍርድ የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ተማሪዎቼ አንዳንዴ ወደዚያ ይቸኩላሉ። የሰሚው ማኅበረሰብ ራሱ ያወጣቸው መመዘኛዎች አሉ፤ የይፋት ሰውም በእነዚያ ይመዝናል። ግጥሙ ቤት መትቷል ወይስ ለመምታት ሲል ብቻ ቃል ጎትቷል? ሰም ብቻ ነው ወይስ ወርቅም አለው? ዘፋኙ ቅኝቱን ያውቀዋል ወይስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲረግጥ ይስታል? ቅላጼው ከራሱ ነው ወይስ የጥላሁን ወይም የአስቴር አወቀ ቅጂ ነው? ውኃ የማያነሣ ግጥም በደቦም ላይ ይታወቃል፤ ተቀባዩ ድምፁን ይቀንሳል፤ አቀንቃኙም ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ይህ ጥንታዊና ጥብቅ ሂስ ነው። ከሌሊት ክበብ ሂስ የሚለየው ሂስ ሰጪው ራሱ ዘማሪ በመሆኑ ነው። መጥፎ ዘፈን አለ፤ መጥፎነቱን ለመለየት ግን የራሱን ሰሚ መመዘኛ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በተለየ መሣሪያውን፣ ዋጋውን ወይም የመጣበትን ዕቃ አይቶ መፍረድ የመደብና የከተማ ኩራት እንጂ ሂስ አይሆንም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምን ያመጣል? በእኔ እይታ የሚያመጣው አስቸኳይ ነው። የመግነጢስ ክር በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል፤ ቆላው ደግሞ ለካሴት ምሕረት የለውም። ሸክላዎቹ ዳግም ታትመዋል፤ በዓለም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በካሴት ብቻ የወጣው፣ በተለይም በየክፍለ አገሩ ተቀርጾ በየገበያው የተሸጠው፣ «ርካሽ» የተባለው ዘፈን ግን ተራ በተራ እየጠፋ ነው። የጠፋው በክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ማንም ሊጠብቀው እንደሚገባ ስላላሰበ ነው። የምንጠብቀውን የምንመርጠው በውበት ፍርዳችን ነው፤ ያ ፍርድ ደግሞ፣ እስካሁን ለማሳየት እንደሞከርሁት፣ የአንድ ከተማና የአንድ ዘመን ፍርድ ነው። ዛሬ በጣዕም ስም የምንጥለውን ነገ በታሪክ ስም ልንፈልገው እንችላለን፤ ያን ጊዜ አናገኘውም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን፣ በተለይም ከቀወት፣ ከአጣየ፣ ከማጀቴ፣ ከሰንበቴና ከአካባቢው ለምትመጡ፣ ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩ ካሴቶችን ሰብስቡ፤ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ቅዱ፤ ዕቃውን መልሱ። በሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የአከፋፋዩን ስም፣ የዋጋውን ምልክት ሳይቀር መዝግቡ። ሁለተኛ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም ጠይቁ። በእኛ አገር ዘፈን በዘፋኙ ስም ይታወቃል፤ ገጣሚው ይረሳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ መብቱን ቢያውቅለትም፣ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው መብቱን ሊጠይቅ አይችልም። ሦስተኛ፣ እናንተ የምትወዱትን ብቻ አትሰብስቡ። ለምትጠይቋቸው ሰዎች «የምትወዱት ዘፈን የትኛው ነው?» ከማለት ጋር «የሰለቻችሁ የትኛው ነው? የት ስትሰሙት? ማን ሲያጫውተው?» በሏቸው። ሰው ስለሚወደው ዘፈን ሲናገር ስለ ራሱ ይነግራችኋል፤ ስለሰለቸው ዘፈን ሲናገር ግን ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ቀበሌው፣ ስለ ልጆቹ ይነግራችኋል። ለማኅበራዊ ታሪክ ጸሐፊ ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይበልጥ የበለጸገ ነው።

አንድ ተቃውሞ አስቀድሜ ልመልስ። «አገር በዚህ ዓይነት ችግር ውስጥ ሳለች ስለ ካሴት መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ይፋትና አካባቢው በቅርብ ዓመታት ግጭትና ጦርነት ያየ፣ ቤትና ንብረት የጠፋበት፣ ሰው የተፈናቀለበት ምድር ነው። በተቃጠለ ቤት ውስጥ የሚቃጠለው እህልና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ የሠርግ ካሴቱም አብሮ ይቃጠላል። በሰንበቴ ገበያ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች አንድ ዓይነት ዘፈን እየሰሙ መኖራቸው፣ የአንዱን ቅኝት ሌላው ማወቁ፣ በአንዱ ቋንቋ የተዘፈነውን ሌላው ማንጎራጎሩ ማስረጃ ነው። ማስረጃው ሲጠፋ «እኛ አብረን ኖረን አናውቅም» ለሚል ሰው መልስ ያጥረናል።

ሲጠቃለል፣ ዘፈን መልካም የሚሆነው የራሱን ሰሚ መመዘኛ ሲያሟላ ነው፤ መጥፎ የሚሆነው ያንን ሲያጎድል ነው፤ ነዝናዛ የሚሆነው ደግሞ ሰሚው መመለስም መተውም ሲያጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሙያ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛው ሥልጣን በማን እጅ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው፤ በአደባባይ ድምፅ ማጉያም ይሁን በአውቶቡስ፣ ወይም በዛሬው ተንቀሳቃሽ ስልክ። ሦስቱን የቀላቀለ የዘፈን ታሪክ የከተማን ጆሮ አክብሮ የቆላውን ጆሮ ይረሳል። ለይቶ የሚጽፍ ታሪክ ግን ገና አልተጻፈም፤ ጸሐፊዎቹ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጣችሁ እንድትሆኑ እመኛለሁ።